የመስመር ዳኛው ጆሮ

አዴ ሐዋ እስከ 1999 ክረምት ድረስ እግር ኳስን የሚያውቁት በጫማ ነበር። ጫማው ቶሎ ካለቀ ነስሮ ተጫውቷል ማለት ነው፤ ካላለቀ አልተጫወተም።

ነስሮ አንድ ልጃቸው ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተ፣ ከሐረር ጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር ላይ ብርቱካንና ማንጎ እየቸረቸሩ ብቻቸውን አሳደጉት። ኳስ የለመደው ጀጎል ውስጥ ነው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በማያሳልፈው መንገድ ላይ፣ ግድግዳው ኳስ እየመለሰ እንደ አንድ ተጫዋች በሚቆጠርበት። እዚያ ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ከሁሉም ቀድሞ ጎሉ ሥር ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ ልጅ ብልጥ ይባላል እንጂ አጥፊ አይባልም። ነስሮ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ብልጥ ነበር። አድጎ፣ ለሰፈሩ ቡድን ተመርጦ፣ ከግንቡ ውጭ ሰፊ ሜዳ ላይ መጫወት ከጀመረ በኋላም ያ ልማድ አልለቀቀውም። ባንዲራ በተነሳበት ቁጥር ሰው የበደለው ይመስለው ነበር።

እኔ ግቢያቸው ውስጥ ካለችው አንዲት ክፍል ተከራይ ነኝ። የምጽፈው ካየሁትና እሳቸው ራሳቸው ከነገሩኝ ነው።

ነሐሴ ላይ የሰፈሮች ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር፤ ኤረር በር ከአቦከር። ዝናብ ጨዋታውን አዘግይቶት ስለነበር ሊያልቅ ሲል ጀምበር ጠልቃለች። አዴ ሐዋ በሩ ሥር ያልተሸጠውን ብርቱካን ወደ ዘንቢል እየመለሱ ነበር። የመግሪብ አዛን መሰማት እንደጀመረ ከሜዳው በኩል ትልቅ ጩኸት መጣ።

«አስተግፊሩላህ! በአዛን ላይ ይጮሃሉ እንዴ?» አሉ አጠገባቸው ላለችው ለሳዳ።

ሳዳ ወጣት ነጋዴ ናት፤ ኳስ ትወዳለች። «ጎል ነው አዴ ሐዋ! ጎል ሲገባ አፍ አይያዝም» አለች።

ጎሉን ያገባው ነስሮ ነበር። አንዱ የቡድኑ ልጅ ከኋላ ረጅም ኳስ ላከለት፤ በተከላካዮቹ መሐል ሾልኮ ወጥቶ አገባ። የመስመር ዳኛው ግን ባንዲራቸውን አንስተው ቆመዋል። የመሐል ዳኛው ጎሉን ሻረ። ነስሮ ሮጦ ሄዶ የመስመር ዳኛውን «ሌባ!» አላቸው። እሳቸው መልስ አልሰጡም፤ ባንዲራቸውን እንዳነሱ ወደ መስመሩ ያያሉ። ያ ዝምታ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፣ ነስሮ ከሜዳው ዳር ድንጋይ አንስቶ ወረወረ። ድንጋዩ የግራ ጆሯቸው ሥር አረፈ።

አዴ ሐዋ ቤት ሲደርሱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጭቃ የነካው ማልያ ወለሉ ላይ ተጥሏል። ነስሮ ወደ ጅጅጋ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፍሮ፣ አጎቱ ዘንድ ሊደበቅ ሄዷል።

የመስመር ዳኛው አቶ ሀብተወልድ ይባላሉ። ወታደር ሆነው ሐረር ተመደቡ፤ ጦሩ ሲበተን ወደ አገራቸው ሳይመለሱ አቦከር ቤት ሠርተው ቀሩ። በሥራ ቀናት የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ጠባቂ ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ የመስመር ዳኛ። ሰፈራችን ውስጥ በደረሰባቸው ነገር የሚያዝን ብዙ ሰው አልነበረም። «ሌላ ጆሮ አላቸው አቦ! እግዜር ሁለት አድርጎ የሰጠው ለምን ሆነና?» እያሉ የሚስቁም ነበሩ። አዴ ሐዋ አይስቁም ነበር፤ ግን እሳቸውም የተጎዳው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ የገባቸው አይመስለኝም።

ጉዳዩ ከፖሊስ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ሽማግሌዎች በሐጂ አሕመድ ቤት ተሰበሰቡ። ሐጂ አሕመድ በሰፈሩ የሚከበሩ፣ ቁርአንም ያስተማሩ አዛውንት ናቸው። እኔ አዴ ሐዋን ሸኝቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አቶ ሀብተወልድ ጭንቅላታቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ መጡ።

«ካሳ አልፈልግም» አሉ። «ሐኪሙ በግራ ጆሮዬ ከእንግዲህ እንደማልሰማ ነግሮኛል። የማይመለስ ነገር በምን ይካሳል? ግን የሰፈራችሁ ልጆች መንገድ ላይ ባዩኝ ቁጥር ‹ሌባ ዳኛ› ይሉኛል። ባለቤቴ ገበያ ስትወጣ ‹የሌባው ሚስት› ይሏታል። ይህን ስም ያወጣልኝ የእሳቸው ልጅ ነው። ወይዘሮ ሐዋ እዚህ በሰው ፊት ይቁሙና ‹ባንዲራው ትክክል ነበር፤ ልጄ ኦፍሳይድ ነበር› ይበሉ። ኤረር በር ላይ የእሳቸው ቃል እንደሚከበር ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ክሴን አነሳለሁ፤ ልጁም አገሩ ይግባ።»

ሐጂ አሕመድ እፎይ አሉ። «ሰማሽ ሐዋ? አልሐምዱሊላህ፣ ቀላል ነገር ነው።»

«ሐጂ፣ ኦፍሳይድ ምንድን ነው?» አሉ አዴ ሐዋ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ሳቃቸው አመለጣቸው። «እኔስ መቼ አውቀዋለሁ? ብቻ ነበር በይና ልጅሽን አምጪ!»

«የማላውቀውን ነበር ብዬ ልመስክር?»

«የኳስ ነገር እኮ ነው ሐዋ» አሉ ሐጂ አሕመድ።

«ኳሱ የኳስ ነው፤ ምስክርነቱ ግን የኳስ አይደለም። የሐሰት ምስክርነት ከትልልቆቹ ወንጀሎች ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም ሐጂ?»

አቶ ሀብተወልድ የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ እሳቸው አዞሩና «እንግዲያው ይወቁት፤ አውቀው ይመስክሩ» አሉ። ረመዳን ሳይገባ ዳግመኛ ለመገናኘት ቀጠሮ ተያዘ።

አዴ ሐዋ በመጀመሪያ የመጡት ወደ እኔ ነበር። ዘንቢላቸውን ደጄ ላይ አስቀመጡና «ና እስቲ ፍፁም፣ ሌት ሙሉ መብራት እያበራህ የምታነበው ይኼን ካላስረዳኝ ምን ሊረባ ነው?» አሉኝ።

ብርቱካኖቹን ምንጣፉ ላይ ደረደርኳቸው። «ይቺ በረኛዋ ናት፤ ይቺ ተከላካይ። ይኼኛው ነስሮ።»

«የቱ? አረንጓዴው?»

«አዎ።»

«ያልበሰለው። ልክ ነህ፤ ቀጥል።»

«ነስሮ ከዚህች ተከላካይ አልፎ ወደ በረኛዋ ቀርቦ ሳለ ኳስ ከተላከለት ኦፍሳይድ ነው።»

«ጥፋቱ ማለፉ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሳያልፍ እንዴት ያገባል? ያገባ ሰው ሁሉ አልፎ አይደለም እንዴ?»

«ኳሱ ከተላከ በኋላ ቢያልፍ ግድ የለም። ከመላኩ በፊት ከሆነ ነው።»

አረንጓዴውን ብርቱካን ረጅም ጊዜ አዩት። «ይኸው አሁን አልፏል። በፊት ነው ያለፈው በኋላ?»

ብርቱካን አይሮጥም። የቆመበትን ቦታ አሳየኋቸው፤ ጊዜውን ግን በብርቱካን ማሳየት አልቻልኩም። እሳቸውም ብርቱካኖቹን አንድ በአንድ እየጠረጉ ወደ ዘንቢሉ መለሱ።

ሌሎችንም ጠየቁ። የመንገዱ ልጆች «በኛ መንገድ ኦፍሳይድ የለም አዴ ሐዋ!» ብለው ሳቁ። ሳዳ «ዳኛ ሲጠላህ የሚሰጥህ ነው» አለቻቸው። ነስሮ ራሱ አንድ ቀን ወደ ጎረቤት ሱቅ ስልክ ደወለ። «እማ፣ ወላሂ ነጻ ነበርኩ! ሀገር ያየው ጎል ነው! በሐሰት እንዳትመሰክሪብኝ!» አላቸው። ቀጥሎ ስለ ቡድኑ ጠየቀ፤ ስለ ዋንጫው ጠየቀ። ስልኩን ዘግተው ሲወጡ ፊታቸው ከገቡበት ጊዜ ይልቅ ጠቁሮ ነበር።

ነገሩ የገባቸው በገዛ ሥራቸው ላይ ነው።

ጠዋት ጠዋት ገበሬዎች ከኤረር በኩል ፍሬ በአህያ ጭነው ይመጣሉ። ድሮ ጉልበት ያላቸው ሴቶች መንገድ ወርደው፣ ገበሬውን ገና ሳይደርስ ይዘው ደህናውን ሁሉ ይወስዱት ነበር። አሮጊቶቹና ነፍሰ ጡሮቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በዚህ ጠብ ፀጉር እስከመነጫጨት ተደርሶ፣ ሴቶቹ አንድ ሕግ አወጡ። ማንም ሴት ከግንቡ ጫፍ አልፋ አትጠብቅም። ገበሬው ገመዱን ፈትቶ ጆንያው መሬት ሲነካ ግን ሁሉም መሮጥ ይችላል፤ ቀድማ ጆንያውን የነካች መጀመሪያ ትዋዋላለች። ጆንያው ሲወድቅ ከግንቡ አልፋ የተገኘች ሴት ግን፣ ብትቀድምም እጇ አይቆጠርም።

ዳኛዋ አዴ ሐዋ ናቸው። ግንቡን ተደግፈው ይቀመጣሉ። አህዮቹን አያዩም፤ የሴቶቹን እግር ነው የሚያዩት። ጆንያው «ዱብ» ሲል ደግሞ በጆሯቸው ይሰማሉ።

ያን ጠዋት ሳዳ ከሁሉም ቀድማ፣ ሌሎቹን በሩቅ ጥላ ጆንያ ላይ እጇን አሳረፈች። ሴቶቹ ጮሁ።

«አልፋ ነበር! ይኸው የት እንዳለች እዩ!»

«ዓይናችሁን ታጠቡ! ሮጬ ነው!» አለች ሳዳ።

«እግር አላት እንጂ ክንፍ የላት! እንዴት ብላ ደረሰች?»

«ዝም በሉ» አሉ አዴ ሐዋ። «ጆንያው ሲወድቅ እግሯ ከግንቡ ጋር ነበር። አሁን የት እንዳለች ምን አገባኝ? ሲወድቅ የት...»

ቃሉን አልጨረሱትም። ሲልጡት የነበረው ብርቱካን እጃቸው ላይ ቀረ።

በዚያው ቀን ሥራቸውን ለሳዳ ትተው መጡና «የሰውዬውን ቤት አሳየኝ» አሉኝ።

አቦከር ስንደርስ የከፈቱልን ባለቤታቸው ወይዘሮ ንግሥት ነበሩ። ማን እንደመጣ ሲያዩ በሩን እንደያዙ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ አስገቡን፤ አዴ ሐዋን በባላቸው ግራ በኩል ሊቀመጡ ሲሉ ክንዳቸውን ይዘው አዞሯቸው። «በዚህ በኩል ይሁኑ። በዚያ በኩል አይሰሙም።»

አዴ ሐዋ ሳይንደረደሩ የገበያውን ሕግ ነገሯቸው፤ ስለ ግንቡ ጫፍ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ጆንያው። «ኦፍሳይድ ይኼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ሀብተወልድ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። «ይኸው ነው! በትክክል ይኸው ነው! የኋለኛው ተከላካይ ግንቡ ነው፤ ግንቡ ግን ይሄዳል፣ ይመጣል። ኳሱ ከእግር ሲነሳ ገመዱ ተፈታ ማለት ነው። ንግሥት፣ ሰማሽ? ሃያ ዓመት ሙሉ ለስንቱ ነገርኩ! ሁሉም የሚያየው ኳሱ ሲደርስ ነው። የሚፈረደው ሲነሳ ነው።» ሰውየው ሲስቁ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

«እርስዎ ሁለቱን እንዴት ያያሉ? ላኪው ወዲያ ነው፤ ነስሮ ወዲህ ነው።»

«አይታይማ! ዓይኔ ከተከላካዩ አይነሳም። ላኪውን በጆሮዬ ነው የምከተለው። ኳስ ስትመታ ‹ጧ› ትላለች። ያኔ ያየሁትን እይዛለሁ።» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ማለቴ፣ እይዝ ነበር። አሁን በአንዱ ጆሮዬ ድምፁ ይሰማኛል፤ ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም። ንግሥት ከጓዳ ስትጠራኝ ወደ ደጅ ነው የምዞረው። ባንዲራውንም ለሌላ ሰጥተውታል።»

አዴ ሐዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰፈሩ ሁሉ «ሌላ ጆሮ አላቸው» ሲል የከረመው ነገር ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው። ቀጥሎ ግን ፊታቸው ሌላ ነገር ያዘ። ባይጠይቁት ደስ ይላቸው እንደነበር ያስታውቃል።

«አቶ ሀብተወልድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጎሉ ሲገባ አዛን ነበር። እኔ በሩ ሥር ሆኜ ጩኸቱን ሰምቻለሁ፤ አዛኑ መሐል ነው። ያን ሰዓት ከመስጊዱ ሁሉ ድምፅ ማጉያው ባንድ ላይ ይነሳል፤ እኔና ሳዳ ጎን ለጎን ቆመን እንኳ ጮኸን ነው የምንነጋገረው። የኳሷን ድምፅ እንዴት ሰሙት?»

«ሰምቼዋለሁ» አሉ አቶ ሀብተወልድ፤ ፈጥነው።

«እኔ መኪና ሲያልፍብኝ ጆንያው አይሰማኝም።»

«ሰምቼዋለሁ አልኩ!» ተነሱ። ያን ጊዜ አክብሮቱም ቀረ። «ልጅሽ ጆሮዬን ወሰደ፤ አንቺ ደግሞ የቀረኝን ስም ልትወስጂ ነው የመጣሽ?»

ወይዘሮ ንግሥት በሩን ከፈቱልን።

ስንመለስ፣ ሌላው የግንቡ በር ፈላና በር ጋ ስንደርስ፣ ነገሩን እኔ ነኝ የጀመርኩት። «ሁለት ቃል ናት፤ ይበሉትና ልጅዎ ይምጣ። ሰውየውም ስማቸው ይመለስላቸው። ማን ይጎዳል?» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ቤቱ ውስጥ የነስሮ ድምፅ ከጠፋ ወዲህ ማታ ማታ ብቻቸውን ሲቀመጡ አያቸዋለሁ።

«አዛኑን ባልሰማ ኖሮ ምናልባት እለው ነበር» አሉ። «አሁን ግን ኳሷን ሊሰሟት እንደማይችሉ ዐወቅሁ፤ ምን ልሁን?»

ቀጠሮው ደረሰ። ሐጂ አሕመድ ቤት ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ሰው ተሰብስቧል፤ እርቁ ያልቃል ተብሎ ዱዓ ሊያደርጉ የመጡም ነበሩ። አዴ ሐዋ ተነሱ።

«ልጄ የሰው ጆሮ አጥፍቷል። ይህን አውቃለሁ፤ እመሰክራለሁ። ባንዲራው ትክክል ቢሆንም ስህተት ቢሆንም ድንጋዩ ጥፋት ነው። አቶ ሀብተወልድን ሌባ ያለ ሰው ደግሞ ዋሽቷል፤ እሳቸው ማንንም አልሰረቁም። ባንዲራው ትክክል ነበር ወይ ለሚለው ግን አላውቅም። ስህተት ነበር አልልም። ትክክል ነበርም አልልም።»

አቶ ሀብተወልድ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ከተሰብሳቢው አንዱ «ኧረ የሴት ነገር! ኦፍሳይድ ተምራ መጣችብን!» አለ። የሳቀ የለም።

ሐጂ አሕመድ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «ሐዋ፣ ልጅሽን በገዛ አፍሽ አባረርሽው» አሏቸው። በቁጣ አልነበረም፤ በቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

ረመዳን ገባ። የኤረር በር ሰው በአዴ ሐዋ ላይ ፊቱን አዞረ፤ አንዱ ወገን «ለልጇ አልቆመችም» ይላል፣ ሌላው «ሽማግሌ አዋረደች» ይላል። ፊጥር ላይ፣ ማታ ጾም ሲፈታ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሳምቡሳ ሲላላክ የእሳቸውን ደጅ የሚያንኳኳ ቀነሰ። አንድ ማታ ሾርባቸውን በሁለት ሳሕን ቀድተው አየሁ። ሁለተኛውን ትንሽ አዩትና መልሰው ድስቱ ውስጥ ገለበጡት። ነስሮም መደወል ተወ፤ «ሁለት ቃል ነፈገችኝ» ማለቱን ከአጎቱ ሰሙ። እኔ ክፍሌ ውስጥ መጽሐፍ ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ አንድ ገጽ ደጋግሜ አነባለሁ። ትክክል የሆነ ሰው ለምን እንዲህ ብቻውን ይቀራል እያልኩ አስባለሁ። እስካሁንም መልሱን አላገኘሁትም።

ረመዳን ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጠዋት በኤረር በር ሳልፍ አቶ ሀብተወልድን አየኋቸው። ከበሩ ወዲህ፣ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆመዋል። ወደ አዴ ሐዋ አልሄዱም። የሚያዩት ግንቡ ሥር የቆሙትን ሴቶች ነበር። እኔም ቆምኩ።

አንድ ገበሬ ሁለት አህያ እየነዳ መጣ። ገመዱን መፍታት ሲጀምር ከኋላው ትልቅ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገቡ አለፈ። በአቧራውና በጩኸቱ መሐል ሴቶቹ ሮጡ። ሁለቱ እኩል ጆንያው ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«አዴ ሐዋ! እኔ ነኝ የቀደምኩት!»

«እሷ አልፋ ነበር! አዴ ሐዋ፣ ይፍረዱ!»

«አልሰማሁም» አሉ አዴ ሐዋ።

«እንዴት አልሰማሁም?»

«መኪናው አለፈ፤ አልሰማሁም። ጭነቱ ይነሳና እንደገና ይውረድ።»

ገበሬው እያጉረመረመ ጆንያውን አህያው ላይ መለሰ። ሴቶቹ «ኧረ ወገባችን!» እያሉ፣ እየተጎሻሸሙ ወደ ግንቡ ተመለሱ። አዴ ሐዋን ሌባ ያላቸው የለም። የተከራከራቸውም የለም። ገመዱ እንደገና ተፈታ፤ ጆንያው «ዱብ» አለ፤ ሴቶቹ እንደገና ሮጡ።

አቶ ሀብተወልድ ከጥላው ወጥተው ወደ አዴ ሐዋ ሄዱ፤ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እሳቸው አድርገው ቆሙ። «እኔ ጭነቱን መልሼ ማስነሳት አልችልም ነበር» አሉ።

አዴ ሐዋ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ዝም ማለትም አልቻልኩም። ልጅዎ ዘወትር ቀድሞ ነው የሚገኘው። ያን ጊዜም ቀድሞ ይሆናል ብዬ እጄ ራሱ ተነሳ። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሰው እያየ እንዴት ይወርዳል?» ወደ ሜዳው በኩል አዩ። «አልሰማሁም፤ አዛን ነበር። ክሱን አነሳለሁ። ልጁ ይምጣ።»

አዴ ሐዋ ከፊታቸው ካለው ብርቱካን ደህና ደህናውን መርጠው በፌስታል ሊሰጧቸው ዘረጉ። አቶ ሀብተወልድ ግን ዞረው ሄደዋል፤ «አቶ ሀብተወልድ!» ብለው ከኋላ ሲጠሯቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረው ማን እንደጠራቸው ፈለጉ፤ አላገኙትም።

በዚያው ቀን አዴ ሐዋ ከሱቁ ስልክ ወደ ጅጅጋ ደወሉ። አጠገባቸው ነበርኩ፤ የነስሮ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አልሰማሁም አሉ? በራሳቸው አፍ? እልል! ነጻ ነበርኩ አላልኩሽም እማ? ጎሉ ጎል ነበር ማለት ነው! ዋንጫው የኛ ነበር!»

«አልሰማሁም አሉ እንጂ ጎል ነበር አላሉም።»

«ያው አይደል እንዴ? ለልጆቹ ንገሪልኝ! ነገ እመጣለሁ!»

«ነስሮ፣ ስለ ጆሯቸው ጠይቀኝ።»

«ምን?»

«ስለ ሰውየው ጆሮ ጠይቀኝ። ከሄድክ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም።»

አዴ ሐዋ ስልኩን እንደያዙ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው አስቀመጡት።

ነስሮ በኢድ ዋዜማ መጣ። ከስቷል፤ ጫማው ግን አዲስ ነው። የሰፈሩ ልጆች መኪና ተራ ድረስ ሄደው እየጨፈሩ ሊያመጡት ፈልገው ነበር፤ አዴ ሐዋ ሁሉንም መልሰው እኔን ብቻ አስከተሉ። ልጃቸውን አቅፈው ትከሻው ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ወደ ቤት ግን አልወሰዱትም። ሻንጣውን ለእኔ ሰጡኝና መንገዱን ወደ አቦከር ያዙ።

«እማ፣ መጀመሪያ ልብሴን ልቀይር» አለ ነስሮ።

«ኋላ ትቀይራለህ።»

አቶ ሀብተወልድ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ሲያዩን አልተነሱም። ነስሮ ቀረብ ብሎ ቆመ። አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ በፍጥነት «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፤ ከአፉ ቶሎ እንዲወጣለት የፈለገ ይመስላል።

ሰውየው ዝም አሉ። ነስሮ ወደ እናቱ ዞረ፤ ፊቱ ላይ የድሮው ቁጣ ሊመለስ ሲል አየሁት። «ይኸው፣ አልኳቸው! አይመልሱልኝም እኮ!»

አዴ ሐዋ ትከሻውን ያዙት። ከሰውየው ግራ ወስደው፣ በፊት ለፊታቸው አሳልፈው፣ በቀኛቸው በኩል አቆሙት።

«በዚያ በኩል አይሰሙም» አሉት። «በል፣ እንደገና።»

ነስሮ አፉን ከፈተ። ቃሉ ቶሎ አልወጣም። የአቶ ሀብተወልድን ግራ ጆሮ፣ ከሥሩ ያለውን ጠባሳ፣ በፊት ለፊታቸው ሲያልፍ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው።